ኮምፒውተሩ «የለሽም» ያላት ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ሲስተሙ ላይ የለሽም አሉኝ» አለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ድምጿን ልብ ስለው ግን ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ ልትቀጠር ነውና የድሮ ማስረጃዋን ለማረጋገጥ አንድ መሥሪያ ቤት ትሄዳለች። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ የእሷንም ስም አልጽፍም። ለምሳሌ ያህል ብቻ «ፀሐይ ኃይለሥላሴ» እንበላት። ቀጣሪው የሰጣት ጊዜ እስከ ዓርብ ነው። ሰኞ ሄደች፤ ጸሐፊዋ መታወቂያዋን አይታ ስሟን ጻፈች፣ ፈለገች፣ ምንም የለም። ማክሰኞም ምንም የለም። «እርግጠኛ ነሽ እዚህ ነው የተመዘገብሽው?» ተባለች። እስቲ ይህን ጥያቄ አስቡት። ዓመታት የተመላለስሽበትን ቤት፣ ኖረሽበት እንደሆነ ተጠየቂ እንደማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንድ አባት ነገሩን ሰሙ። ኮምፒውተር አልነኩም። «ይቺ ልጅ በጸሎቱ ጸ ተጽፋ ይሆናል» ብለው ወደ መደርደሪያው ገቡና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፋይሉን ይዘው ወጡ። ሽፋኑ ላይ «ጸሀይ ኃ/ስላሴ» ይላል። ጸሐፊዋ ልክ እንደዚያ አድርጋ ስትጽፈው ኮምፒውተሩ ወዲያው አወጣት። ለካ ልጅቷ እዚያው ነበረች።

ጥፋቱ የማን ነው? የጸሐፊዋ አይደለም፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ነው የጻፈችው። የልጅቷም አይደለም። ድሮ ፋይሉን የከፈተው ሰውዬም እንደ ለመደው ነው የጻፈው። በእኔ እምነት ጥፋቱ የተሠራው ዳታቤዙ የተሠራ ቀን ነው። አንድ ባለሙያ «ስም» የሚል ኮለም ከፈተ፤ ዳታ ታይፕ ምረጥ ሲባል የመጣለትን መረጠና አለፈ። ያ ኮለም ስሙን እንዲያስቀምጥም እንዲያፈላልግም ተፈረደበት። ሁለቱ ግን አንድ ሥራ አይደሉም።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም ከዓመታት በፊት ለተማሪዎች ስም ዝርዝር ትንሽ ዳታቤዝ ሠርቼ ነበር፤ ያንኑ ነው ያደረግሁት። አንድ ኮለም፣ ቫርቻር፣ አለቀ። ስልክ ቁጥሩንማ ኢንት አድርጌው የሁሉም ሰው ዜሮ ጠፍቶ 09 የነበረው 9 ብቻ ሆኖ ቀረ። አስተምራችሁ ከነበራችሁት መካከል «ስልክ ቁጥር አይደመርም፣ አይቀነስም፤ ስለዚህ ጽሑፍ ነው» እያልኩ ስጮህ የምታስታውሱኝ፣ ያ ጩኸት ከየት እንደመጣ አሁን አወቃችሁ።

አሁን ወደ ፀሐይ እንመለስ። ስሟ በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል? ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። «ፀ» በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፤ 2። «ሐ» በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ፣ እያንዳንዱም በግዕዝ ወይም በራብዕ ሊጻፍ ይችላል፤ ስናነበው ሁሉም አንድ ነው፤ 6። ስለዚህ «ፀሐይ» ብቻውን 12 ዓይነት ነው። «ኃይለሥላሴ» ደግሞ «ኃ» 6፣ «ሥ» በንጉሡ ወይም በእሳቱ 2፣ «ሴ» እንዲሁ 2፤ ሲባዛ 24። እሱም ተገጥሞ፣ ተለያይቶ ወይም በእዝባር «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 72። 12 በ72 ሲባዛ 864። አንዲት ልጅ፣ የእሷና የአባቷ ስም ብቻ፣ 864 መልክ! አብዛኛውን ማንም አይጽፈውም፤ እሺ። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ አሥሩን እንኳ በየቢሮው ታገኟቸዋላችሁ። ለኮምፒውተሩ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ለምን? ምክንያቱም ለኮምፒውተር ፊደል ማለት ቁጥር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። መሰጠቱ ትክክል ነው። «ሠዐለ» እና «ሰአለ» በግዕዝ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ሥዕል መሣል ነው፣ ሌላው መለመን። ዩኒኮድ ፊደሉን ጠበቀልን። ድምፁን አውቆ «እነዚህ ሞክሼ ናቸው» ማለት ግን የእኛ፣ ማለትም የዳታቤዙ ሠሪዎች ሥራ ነው። የእንግሊዝኛ ካፒታልና ስሞል ሌተር አንድ እንደሆኑ ብዙ ዳታቤዝ ከፋብሪካው ያውቃል። ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ግን የሚነግረው ከሌለ አያውቅም።

እዚህ ላይ ሁሌም አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ሞክሼ ፊደላቱን እንቀንሳቸውና እንገላገል» ይላል። ይህ ክርክር የቆየ ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ አንፈታውም። እኔ የምለው፣ ለፍለጋ ሲባል መፍታትም አያስፈልገንም። ልጅቷ በፀሐዩ ፀ ነው የምጻፈው ካለች፣ ስሟ ነው፤ መብቷ ነው። ሲስተም ስለማይመቸው የሰው ስም አይታረምም። ሲስተሙ ነው የሚታረመው።

እንዴት? ለዓይን አንድ ኮለም፣ ለጆሮ ሌላ ኮለም። የመጀመሪያው ሰውየው ስሙን እንደጻፈው፣ አንዲት ነጥብ ሳይነካ ያስቀምጣል፤ ማስረጃ ላይ የሚታተመው እሱ ነው። ሁለተኛው ለማንም አይታይም፤ ለፍለጋ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ ይለወጣል። «ኃ/» ወደ «ሀይለ»፣ «ገ/» ወደ «ገብረ» ይዘረጋል፤ ክፍት ቦታ ይወጣል። ፈላጊው የሚጽፈውም በዚያው ወንፊት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይም ጸሀይም ጸሃይም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። መዝገብ ቤቱ ያሉት አባት በጆሯቸው ያደረጉትን ነገር ለማሽኑ አስተማርነው ማለት ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ዳንኤል ያዕቆብ የተባሉት የፊደል ቴክኖሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ደብል ሜታፎን የሚባለውን፣ ቃልን በአጻጻፉ ሳይሆን በአነባበቡ የማዛመድ ዘዴ ለአማርኛ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ጽፈዋል። መንገዱ ከተጠረገ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ነን ያልሄድንበት።

አሁን ደግሞ በሙያው ላይ ላላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ለየትምህርት ቤቱና ለየቢሮው ሲስተም እየሠራችሁ እንጀራ ለምትበሉት፣ ዝርዝሩን ላስቀምጥ። ሌሎቻችሁ ካሰለቻችሁ ወደ መጨረሻው ዝለሉ።

አንደኛ፣ ፊደሉ መግባቱን አረጋግጡ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ተራ ቫርቻር ከፍታችሁ አማርኛ ብትጽፉበት፣ በተለመደው አሠራር የምታገኙት የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። «????» ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ ተመልሶ ስም አይሆንም፤ ጠፍቷል። እዚያ ኤንቫርቻር ነው የሚባለው። ማይኤስኪውኤል ላይ «ዩቲኤፍ 8» የሚለው የድሮ ስም አያታልላችሁ፤ እሱ ለአንድ ፊደል እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። አማርኛ በ3 ባይት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ግን 4 ባይት ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ኤምቢ 4» የሚለውን ምረጡ። የጉራጌ ልጅ ስሙን በቋንቋው ቢጽፍ ሲስተማችሁ ደጅ እንዳያሳድረው።

ሁለተኛ፣ ርዝመት። «ስም 20 ይበቃዋል» ስትሉ 20 ምን? ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ፊደል ይቆጥራሉ። ኦራክል ግን ካልነገራችሁት ባይት ነው የሚቆጥረው። አንድ ፊደላችን 3 ባይት ነው። «ገብረመድኅን» 7 ፊደል፣ 21 ባይት ነው። 20 ብላችሁ ከሆነ ገብረመድኅን ውጭ ቀረ ማለት ነው። ፖስትግሬስ ላይ ደግሞ ቴክስት ማለት ከቫርቻር አይዘገይም፤ ቁጥር ለመገመት አትጨነቁ።

ሦስተኛ፣ የፍለጋው ኢንዴክስ። ብዙዎቻችሁ በ«ላይክ» ግራና ቀኝ የፐርሰንት ምልክት አድርጋችሁ ትፈልጋላችሁ። ያ ማለት መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማገላበጥ ነው። 500 ተማሪ ላይ ችግር የለውም፤ መዝገቡ በመቶ ሺዎች ሲቆጠር ግን ሰልፉ ከቢሮው በር ይወጣል። ፉል ቴክስት ኢንዴክስ ከመጽሐፍ ኋላ እንዳለው የቃላት ማውጫ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ ይህን ማውጫ መሥራት የሚቻለው ቻር፣ ቫርቻርና ቴክስት ኮለሞች ላይ ብቻ ነው። ስሙን ጄሰን ወይም ብሎብ ውስጥ ከከተታችሁት ማውጫው አይደርስበትም። የዳታ ታይፕ ምርጫ ከፍለጋ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ ኮለሙን የከፈታችሁ ቀን ማን እንደሚገኝና ማን እንደማይገኝ ወስናችኋል።

አራተኛ፣ ይቺ ደግሞ ሰፈራችንን ትነካለች። የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ ማውጫ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ከ3 ፊደል በታች የሆነ ቃል አይመዘግብም። ለእንግሊዝኛ ልክ ነው፤ ባለ ሁለት ፊደል ቃላቸው አብዛኛውን ጊዜ መስተዋድድ ነው። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። «ቤት» 2 ፊደል ነው። «ውሃ» 2። «ሰው» 2። ሩት፣ ሳራ፣ ቤዛ፣ ሊያ ሁሉም 2። «ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ» ብላችሁ ስታስገቡ ሐይቅ ይመዘገባል፣ ክፍለ ይመዘገባል፣ ከተማ ይመዘገባል፤ «ዳር» ዳር ይቀራል! ያንን መጠን ወደ 1 ወይም 2 አውርዱት፤ ከዚያ ሰርቨሩን አስነሱና ኢንዴክሱን እንደገና ሥሩት። ቅንብሩን ለውጣችሁ ኢንዴክሱን ካልሠራችሁት ምንም አልተለወጠም።

አምስተኛ፣ ረጅም ጽሑፍ። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማስታወቂያ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ፖስትግሬስ ለፉል ቴክስት ቲኤስቬክተር የሚባል የራሱ ዳታ ታይፕ አለው፤ ጂን ከሚባለው ኢንዴክስ ጋር ግሩም ነው። ከእሱ ጋር ለብዙ ቋንቋዎች የቃል ሥር ማውጫ ይመጣል፤ ለአማርኛ ግን የለም። ስለዚህ «ሲምፕል» የሚለውን ነው የምንጠቀመው፤ እሱ ቃሉን እንዳለ ይመዘግባል። እኛ ደግሞ ቃል እንዳለ አንጽፍም፤ በሐዋሳ፣ ከሐዋሳ፣ የሐዋሳ፣ ለሐዋሳ እንላለን። «ሐዋሳ» ብሎ የፈለገ «በሐዋሳ» የሚለውን አያገኝም። ለዚህ ቃሉን በሦስት በሦስት ፊደል እየቆራረጠ የሚያዛምደው ትራይግራም ይሻላል፤ ማይኤስኪውኤል ላይም ኤንግራም የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ።

ስድስተኛ፣ የፍለጋውን ኮለም በእጅ አትሙሉ። ሰው ይረሳል። ፖስትግሬስ ከ12ኛው ሥሪት (እ.ኤ.አ. 2019) ጀምሮ ኮለሙን ከሌላ ኮለም ራሱ አስልቶ እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል፤ ማይኤስኪውኤልም ይችላል። ስሙ ሲታረም የፍለጋው ኮለም አብሮ ይታረማል። ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስት ኮለም ይሁኑ። ከውጭ በመጣ ሲስተም «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ውስጥ አባትን እዚህ ቢሮ፣ አያትን እዚያ ቢሮ እያስገባን ስንት ሰው አጣን? እዚህ ሐዋሳ ደግሞ አንድ ሰው በአንዱ ቢሮ በፊደል፣ በሌላው በሲዳምኛ በላቲን ይጻፋል። ለእሱም የራሱ ኮለም ስጡት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትቀቅሉ።

«ይህን ሁሉ ምን አደከመን፤ ፋይዳ መጥቷል፣ በቁጥር እንፈልጋለን» የምትሉ ትኖራላችሁ። ፋይዳ ጥሩ ነው፤ አዋጁም (ቁጥር 1284/2015) ወጥቷል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ካለው ነገ ብዙ ይቀላል። ነገር ግን ከፋይዳ በፊት የተከፈተው ፋይል ላይ ቁጥሩ የለም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የተመዘገበች ልጅ ከአዲሱ ቁጥሯ ጋር የምትገናኘው በስሟ ነው። ስሟን ማግኘት ካልቻልን ቁጥሩን የት ላይ እንለጥፈዋለን?

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ድምፅ ካቀላቀልን የማይገናኙ ሰዎችም አብረው ይመጣሉ። እውነት ነው። «ወ/» ወልደ ሊሆን ይችላል፣ ወለተም ሊሆን ይችላል፤ ከ«ወ/ሮ» እና «ወ/ት» ጋርም ይደበላለቃል። ስለዚህ የጆሮው ኮለም ዳኛ አይሁን። ሥራው «እነዚህ አምስት ሰዎች ይመስላሉ» ብሎ ማቅረብ ነው፤ የአያት ስም፣ የልደት ዘመን፣ ፎቶ አይቶ «ይቺ ናት» የሚለው ሰው ነው። አምስት ስም አቅርቦ ሰውን የሚያስመርጥ ሲስተምና «የለሽም» ብሎ የሚመልስ ሲስተም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ያስወስዳል፤ ሁለተኛው ሥራ ያሳጣል።

መጨረሻ። ኮምፒውተር ጉዳያችሁ ካልሆነ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ርዕሰ መምህር ከሆናችሁ፣ የቢሮ ኃላፊ ከሆናችሁ፣ አዲስ ሲስተም አምጥተው «ፈርሙ» ሲሏችሁ ቀለሙን አታድንቁ። የራሳችሁን ስም አስመዝግቡ፤ ከዚያ በሌላ ፊደል ጻፉና ፈልጉ። ኃይሉ ከሆናችሁ በሃሌታው፣ ሠናይት ከሆናችሁ በእሳቱ፣ ገብረማርያም ከሆናችሁ በእዝባር ፈልጉ። ካላገኛችሁ ራሳችሁን፣ አትፈርሙ። ለሠሪው ቢበዛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ፀሐይ ማስረጃዋን ሐሙስ ከሰዓት ይዛ ወጣች፤ ዓርብ ጠዋት አስገባች። ደርሶላታል፤ ተመስገን። ግን ያደረሷት መዝገብ ቤት ያሉት አባት ናቸው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡስ?

ትናንት አመሻሽ ላይ ወደ ሐይቁ ስወርድ መንገድ ላይ ያሉትን የንግድ ቤት ታፔላዎች እያነበብኩ ሄድኩ። ሐይቅ፣ ሃይቅ፣ ሀይቅ። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ። ማንም መንገደኛ ግራ ገብቶት አልቆመም፤ ሁሉም ወደ አንዱ ሐይቅ ነበር የሚወርደው።

እስቲ ኮሜንት ላይ ስማችሁ በስንት ዓይነት ተጽፎ እንዳገኛችሁት ጻፉልኝ። ሲስተም የምትሠሩ ልጆቼ ደግሞ ዛሬ ማታ ያንን ኮለም ክፈቱና እዩት። ስማችሁን አልጠራም፤ እናንተ ታውቃላችሁ።